የበረሃን ቀንና ሌሊት በሦስት ሳፋ አሸዋ እንዴት መለካት ይቻላል?

በረሃ ቀን የሚፋጀው፣ ሌሊት የሚያንዘፈዝፈው በአሸዋው ብቻ ይመስላል። አሸዋው ድርሻ አለው፤ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን ደረቁ አየርና ደመና የሌለበት ሰማይ ናቸው። የሁለቱን ድርሻ ለይቶ ለማየት አንድ ቀንና ሌሊት ይበቃል።

አፋቸው 30 ሴንቲሜትር ያህል የሚሰፋ ሦስት ተመሳሳይ ሳፋዎች፣ የተነፋ አሸዋ፣ 1.5 ሊትር ውሃ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ፣ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያነቡ አራት ቴርሞሜትሮች ያዘጋጁ። የትኩሳት መለኪያ አይሆንም፤ የሚያነበው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ያለውን ብቻ ነው።

1. አሸዋውን በሰፊ ብረት ምጣድ እያማሰሉ ያድርቁ። ትኩስ እያለ ብርጭቆ ይድፉበት፤ ብርጭቆው ላብ ካወጣ ገና ነው። ሙከራው በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

2. ሲቀዘቅዝ በየሳፋው 8 ሴንቲሜትር ከፍታ ይሙሉ። ውሃውን ከአንዱ ጋር ብቻ ያደባልቁ። በየሳፋው አንድ ቴርሞሜትር 1 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ይቅበሩ፤ አራተኛውን በአንዱ ደረቅ ሳፋ ውስጥ 7 ሴንቲሜትር ያውርዱት። ጫፉ ለፀሐይ ከተጋለጠ የሚነበበው የአሸዋው ሙቀት አይደለም።

3. ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ቀን ማለዳ ከግድግዳ ርቀው ጣውላ ላይ ያስቀምጧቸው። ሲሚንቶ ወለል ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ስለሚሰጥ ውጤቱን ያዛባል።

4. ፀሐይ ስትጠልቅ ከሁለተኛው ደረቅ ሳፋ በላይ፣ 25 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮምፔንሳቶውን በአራት እግር ያቁሙ። ይህ የደመና ምትክ ነው፤ ከአሸዋው የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ተቀብሎ ከፊሉን ይመልሳል።

5. ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እኩለ ሌሊትና ፀሐይ ልትወጣ ስትል ያንብቡ። ቅዝቃዜው የሚበረታው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ላይ ነው፤ መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲያጣ ያድራል።

ደረቁ አሸዋ ቀን ከእርጥቡ ይልቅ ይግላል። ለእኩል ክብደት ውሃ ከአሸዋ አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ እርጥቡ ሲተን ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለአንዱ ምክንያት መስጠት ስህተት ነው። በጥልቀት የተቀበረው ቴርሞሜትር ከላይኛው ያነሰ ይዋዥቃል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። በበረሃ ግማሽ ሜትር ዝቅ ሲሉ የቀንና የሌሊት ልዩነት ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ብዙ የበረሃ እንስሳት ጉድጓድ የሚቆፍሩት ለዚህም ነው።

ንጋት ላይ ክፍቱ ደረቅ ሳፋ ከተከደነው ካልቀዘቀዘ ሌሊቱ ደመናማ ወይም ነፋሻማ ነበር ማለት ነው፤ ይድገሙት። ወበቃማ በሆነ ቦታ ግን ሰማዩ ቢጠራም ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ራሱ ክዳን ይሆናል።