ራግቢ ሊግ ወይስ እግር ኳስ? የ"ማን ይጠነክራል" ክርክር በወረቀትና በሜዳ ሲለካ

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ስልክ ላይ ነው። አንዱ የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ግጭቶች የተሰበሰቡበት ቪዲዮ ያሳይና "ወንድ ማለት ይሄ ነው፣ የኳሶቹ ገና ሲነኳቸው ይወድቃሉ" ይላል። ሌላው "90 ደቂቃ ይሩጥልኝና እንነጋገራለን" ብሎ ይመልሳል። ድሬዳዋ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ እስከ ማታ መጨቃጨቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። በአማርኛ "ጠንካራ" ስንል ጉልበተኛውንም፣ ቶሎ የማይደክመውንም፣ ሕመም ቻዩንም ነው። ሦስቱ ለየብቻ ይለካሉ። ለዚህም ወረቀት፣ ስልክ፣ አንድ ጆንያ ሰጋቱራና ጥቂት ፈቃደኛ ወጣቶች ይበቃሉ።

ማንን ከማን ጋር

ራግቢ ሊግን ከራግቢ ዩኒየን ጋር አታምታቱ። ሁለቱ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው (የውጭ ጨዋታዎች ዓመት ሁሉ ከዚህ በኋላም በፈረንጆች ነው)። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሃደርስፊልድ ላይ ተሰብስበው፣ ለመጫወት ብሎ ከማዕድን ጉድጓድና ከፋብሪካ ለሚቀር ሠራተኛ የቀረበት ደመወዝ ይካስለት በሚለው ጉዳይ ተገነጠሉ። የጥጥ ፋብሪካና የምድር ባቡር ሠራተኞች ኳስ ሲጫወቱ ባየችው በድሬዳዋ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይሆንም። ሊግ 13 ለ13 ነው፣ 80 ደቂቃ ይፈጃል። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪጣል ድረስ ያጠቃል፤ በእያንዳንዱ መጣል መካከል ተከላካዮቹ 10 ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የግጭቱ ኃይል ምንጭ ይህ 10 ሜትር ነው፤ ሁለቱም ወገን ተንደርድሮ ነው የሚገናኘው። ቪዲዮው ላይ ከወደቀው ሰው በላይ ተጫዋቾች ተከምረው ለኳስ ከተገፋፉ ያያችሁት ዩኒየን ነው፤ ለዚህ ንጽጽር አይሆንም።

ቀጥሎ ቦታ ከቦታ አዛምዱ። የሊግን ፊት መስመር ተጫዋች ከእግር ኳስ ክንፍ ጋር ማወዳደር የጭነት መኪናን ከባጃጅ ማወዳደር ነው። ፊት መስመሩን ከመሀል ተከላካይ ጋር፣ የሊግን ክንፍ ከእግር ኳስ ክንፍ ጋር፣ ብዙ ታክል (ኳስ የያዘን ሰው ይዞ መጣል) የሚሠራውን የመሀል ሰው ደግሞ ከተከላካይ አማካይ ጋር አስቀምጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ሊግ ውስጥ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት ይችላል። የአውስትራሊያው ውድድር ከ2016 ጀምሮ ለአንድ ቡድን 8 ቅያሪ ይፈቅዳል። ስለዚህ ፊት መስመሩ ተዋግቶ ይወጣል፣ አርፎ ይመለሳል፤ የመሀል ተከላካዩ ግን 90ውን ደቂቃ ቆሞ ይጨርሳል። ከስማቸው ጎን የተጫወቱትን ደቂቃ ካልጻፋችሁ ሒሳቡ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው።

ቆጠራው

ወረቀቱን ለአራት ዓምድ ክፈሉ፦ ግጭት፣ ከወደቀ በኋላ ለመነሳት የወሰደው ሰከንድ፣ ሙሉ ፍጥነት ሩጫ፣ ጨዋታ ላይ የቆየው ደቂቃ። ከአንድ ተጫዋች ላይ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ 20 ደቂቃ ተከታተሉ። ብቻ ሆኖ እያዩ መጻፍ ከባድ ነው፤ ጓደኛ ያዙና አንዱ ይይ፣ አንዱ ይጻፍ። ግጭት የምትሉት ሰውነት ለሰውነት ተገናኝቶ ቢያንስ አንዱን ከእርምጃው ያናጋውን ብቻ ነው። መጎተትና መገፋፋት ከገባ እግር ኳሱ ያለ አግባብ ያብጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የቴሌቪዥን ካሜራ የሚከተለው ኳስን ነው። በሊግ ታክል ሁሉ ኳሱ አጠገብ ስለሚሆን ከቪዲዮ የተቆጠረ ታክል ይታመናል። በእግር ኳስ ግን አማካዩ አብዛኛውን ሩጫ የሚሮጠው ካሜራ በማያየው ቦታ ነው፤ ከቴሌቪዥን ከቆጠራችሁት ግማሹን ትበድሉታላችሁ። ስለዚህ የእግር ኳሱን ቆጠራ ድሬዳዋ ስታዲየም ሄዳችሁ፣ ከመሀል መስመር ትይዩ ከፍ ያለ ቦታ ይዛችሁ ሥሩት። ቁጥሩ ምን ሊመስል እንደሚችል ለመገመት፦ በፕሮፌሽናል ደረጃ እግር ኳስ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሸፍናል፣ አማካዮች ከዚያም ያልፋሉ። የሊግ ተጫዋች የሚሸፍነው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን መሀል ላይ የሚከላከል ሰው 30 እና 40 ታክል ሊሠራ ይችላል፣ ራሱ ኳስ ይዞ ሲገባ የሚደርስበት ሳይቆጠር።

አንድ ታክል ምን ያህል ይከብዳል? ክብደትን በፍጥነት አባዙ። የሊግ ፊት መስመር ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል። ቀፊራ ገበያ ላይ ኩንታል ሲጫን ያየ ሰው ክብደቱን አይጠይቅም። 105 ኪሎ በሰከንድ 5 ሜትር ሲመጣ 525 ይሆናል፤ 75 ኪሎ የሆነ እግር ኳስ ተጫዋች በዚያው ፍጥነት 375። በሊግ ደግሞ አንዱን የሚይዙት ሁለትና ሦስት ሆነው ነው። በግጭት ሚዛን ሊግ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

የሰከንድ ዓምዱን ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። "እግር ኳሰኞች ይወድቃሉ፣ ራግቢዎች ይነሳሉ" የሚባለው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ወኔ ብቻ አይደለም፣ ሕጉም ነው። በእግር ኳስ መውደቅ ቅጣት ምት ያስገኛል፣ መሬት ላይ መቆየትም ሰዓት ይገድላል። በሊግ የወደቀው ቶሎ ተነስቶ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ካላወጣት፣ ተከላካዮቹ 10 ሜትራቸውን ተመልሰው መስመራቸውን ያደራጃሉ። ፈጥኖ መነሳት ትርፍ አለው። ሕጉ መተኛትን ትርፋማ ባደረገበት ጊዜ የሊግ ተጫዋቾችም መተኛት ጀምረዋል፦ አንገት በላይ ተመትቶ የተኛ ሰው ዳኛው ቪዲዮ እንዲያይለት ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ይህን ዓምድ ለጥንካሬ ነጥብ መስጫ አታድርጉት፤ ማስታወሻ ይሁን።

የተሰበረ አጥንት ታሪኮች

ተከራካሪ ሁሉ አንድ ጀግና ይዞ ይመጣል። አለን ፕሬስኮት በ1958 ብሪዝበን ላይ የታላቋ ብሪታንያ አምበል ሆኖ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክንዱ ተሰብሮ ጨዋታውን ጨርሷል፤ አሸንፈዋልም። ሳም በርጀስ በ2014ቱ የአውስትራሊያ ፍጻሜ በመጀመሪያው ግጭት የጉንጭ አጥንቱ ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ተጫውቶ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ከእግር ኳስ በኩል በርት ትራውትማን አለ፦ የማንቸስተር ሲቲ ግብ ጠባቂ፣ የ1956 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ የመጨረሻዎቹን 17 ደቂቃ ያህል ቆመ። ፍራንዝ ቤከንባወር በ1970 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ትከሻው ወልቆ ክንዱን ደረቱ ላይ አሳስሮ ተጫውቷል።

እነዚህን ስሞች ከመደመራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ መውጣት ይችል ነበር? ፕሬስኮትም ትራውትማንም የተጫወቱት ተቀያሪ በማይገባበት ዘመን ነው፤ ቢወጡ ቡድናቸው ይጎድላል። የቤከንባወር ቡድን ምዕራብ ጀርመን ደግሞ ቅያሪዋን ጨርሳ ነበር። በርጀስ ግን ተቀያሪ ተቀምጦለት ነው የቀረው። የእኛ ፍርድ በርጀስን ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ጥያቄ፦ የተጎዳው አካል ለሥራው ያስፈልገዋል? የሊጉ ኩፐር ክሮንክ በ2018ቱ የአውስትራሊያ ፍጻሜ የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ገብቷል፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ከግጭት ከልለውት እሱ በአፍና በእጅ ቡድኑን ይመራ ነበር። በሌላ በኩል የእግር ኳስ ተጫዋች ዋና ጠላት የኋላ ጭን ጡንቻ መበጠስ ነው፤ ያ ከተበጠሰ ወኔ አያስሮጥም፣ የትኛውም ስፖርተኛ ይቆማል። "በጭን ጡንቻ ወጣ፣ ደካማ ነው" የሚል ነጥብ አትቀበሉ።

ሜዳ ላይ ሁለት ፈተናዎች

የመጀመሪያው የሩጫ ነው። 20 ሜትር በሜትር ለኩ፤ በእርምጃ አይሆንም። ሯጩ 20 ሜትር ሄዶ መስመር ነክቶ ይመለሳል፣ 20 ሰከንድ ያርፋል፣ እንዲህ ስድስት ጊዜ። መጀመሪያ ግን አንድ ጊዜ ብቻ በሙሉ አቅም ይሩጥና 5 ደቂቃ ይረፍ። ከስድስቱ የመጀመሪያው ሩጫ ከዚያ በግልጽ ከዘገየ ጉልበት እየቆጠበ ነው፤ አስቁሙትና እንደገና ይጀምር። ይህን ያልተቆጣጠረ ሰው ብልጡን "ጽኑ" ብሎ ይመዘግባል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰዓቶቹ 7.2፣ 7.3፣ 7.5፣ 7.6፣ 7.8፣ 7.9 ቢሆኑ ድምራቸው 45.3 ነው። የተሻለው 7.2 በስድስት ሲባዛ 43.2። 45.3 ለ43.2 ሲካፈል 1.049፤ የወረደው 4.9 በመቶ ነው ማለት ነው። ያነሰ የወረደ ይጸናል።

ሁለተኛው የግጭት ነው። ጆንያ ውስጥ ሰጋቱራና ጨርቅ ጠቅጥቁ፤ ለአዋቂ ከ25 እስከ 30 ኪሎ፣ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ 15። አሸዋ አትሙሉ፤ ጆንያው ድንጋይ ሆኖ ትከሻ ያወልቃል። አንድ ሰው ጆንያውን አቁሞ ይያዝ። ፈታኙ በትከሻው ገብቶ ይጥለዋል፣ ደረቱን መሬት ያስነካል፣ ይነሳል፣ 10 ሜትር ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል። ስድስት ጊዜ አንድ ዙር ነው። በዙር መካከል 60 ሰከንድ ዕረፍት፣ አራት ዙር። የመጀመሪያውን ዙር ሰዓት ከአራተኛው ጋር አወዳድሩ። ሲገባ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ጉንጩ ከጆንያው ጎን የተለጠፈ ይሁን። ጭንቅላቱን በጆንያው ፊት ለፊት ካሻገረ ወይም አንገቱን ከደፋ አስቁሙት፤ ሰው ላይ ቢሆን ጉልበትና ዳሌ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በሩጫው የሚያበሩት ኳሰኞች እዚህ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲንገዳገዱ ብታዩ አትደነቁ። መሬት መውደቅና መነሳት ሌላ ዓይነት ድካም ነው፣ ሳይለማመዱት አይመጣም።

ለዚህኛው ለስላሳ መሬት ያስፈልጋል። የሰፈር ሜዳዎች ጠጠር ክርንና ጉልበት ይልጣል። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ምቹ ነው፤ መጀመሪያ ጠርሙስና ብረት ልቀሙ። በክረምት ግን አትሞክሩት። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶም የላይኛው ተራራ ላይ ከዘነበ ጎርፍ ይወርዳል፤ በእኛ 1998 ክረምት የደረሰውን ከተማዋ አልረሳችውም።

ሁሉንም በአንድ ቀንና በአንድ ከተማ ሥሩ። ሐረር ከድሬዳዋ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሯም ይቀዘቅዛል፤ ሐረር ጁገል አጠገብ የተገኘን ሰዓት ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰዓት ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ድሬ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩና ከ2 ሰዓት በፊት ጨርሱ። በየዕረፍቱ ጥቂት ጥቂት ውኃ ይጠጣ። ረመዳን የሚጾም ካለ ፈተናው ካፈጠረ በኋላ ይሁን ወይም ወሩ ይለፍ። ጫት የቃመ ሰው አይፈተን፤ የልብ ምቱን ስለሚያፈጥንና ድካሙን ስለሚሸፍንበት ውጤቱም ይበላሻል፣ በሙቀትም ይጎዳል።

ጭንቅላት

ጭንቅላቱን ተመትቶ መቀጠል በዚህ መለኪያ ነጥብ አያስገኝም። ሊጉ ራሱ ይህን ትቷል፦ በአውስትራሊያ የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ተጫዋች ለ15 ደቂቃ ወጥቶ ይመረመራል፣ መናወጡ ከተረጋገጠ ከ2023 ጀምሮ በመደበኛው ደንብ ቢያንስ 11 ቀን አይጫወትም። በእግር ኳስም ለጭንቅላት ጉዳት ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ቅያሪ ከ2024 ጀምሮ ለውድድሮች በሕጉ ተፈቅዷል። በፈተናው ላይ አንዱ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ከጠየቀ፣ ካስመለሰው ወይም ብርሃን ከረበሸው ያን ቀን አይመለስም፣ "ደህና ነኝ" ቢልም። ብቻውን ወደ ቤቱ አትላኩት። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ድሬዳዋ ያላችሁ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ያላችሁ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወዲያውኑ ውሰዱት። አንገቱን ካመመው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ ግን ከወደቀበት አታንቀሳቅሱት፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ደግፋችሁ ይዛችሁ አምቡላንስ አስጠሩ።