ጉሽ ነው ወይስ ተበላሽቷል? የእንግሊዝ ካስክ ፔል ኤል ችግሮችና መፍትሄያቸው

ለንደን አንድ ፐብ ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ያገሬ ልጅ ይገባል። የሥራ ባልደረቦቹ የሚጠጡትን አይቶ ከዚያ ረጅም እጀታ ካለው ፓምፕ የሚቀዳውን ቢራ ያዛል። አንዴ ይጎነጫል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዚያ ምንም ሳይል ጨርሶት ይወጣል። ይሉኝታ ነዋ! ቢራው ተበላሽቶ ይሁን ወይም ጠባዩ እንደዚያ ሆኖ አላወቀም። ይህን የምጽፈው ለሱ ነው።

መጀመሪያ ጤነኛውን እንወቅ። ካስክ ኤል እርሾው ሳይሞት በበርሜል የሚመጣ ቢራ ነው። አይጣራም፣ በሙቀት አይታከምም፣ ሲቀዳም ከውጭ ጋዝ አይገፋውም። መብላላቱን የሚጨርሰው ፐቡ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚቀርበው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ ከፍሪጅ ከሚወጣው ቢራ ሞቅ ይላል ማለት ነው። ጋዙ ምላስን ኮርኮር ያደርጋል እንጂ አይቆነጥጥም። ስለዚህ «አልቀዘቀዘም፣ ጋዝ የለውም» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ውድቅ ነው።

ፔል ኤል ፈካ ያለው የኤል ዓይነት ነው፤ የጥሩው ቀለም ከወርቃማ እስከ ማር ይደርሳል። ከብቅሉ የብስኩት ጣዕም ይመጣል። እነሱ በጌሾ ፈንታ የሚጠቀሙበት ሆፕ፣ በተለይ ፈግል እና ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ የሚባሉት፣ የሣርና የአፈር ሽታ ከትንሽ አበባ ጋር ይሰጡታል። መጨረሻው ደረቅ ያለ ምሬት ነው። ስትቀምሱ እንደ ወይን ቀማሽ አትትፉ። ዋጥ አድርጉና ጥቂት ጠብቁ፤ ምሬቱ የሚታወቀው ከዋጡ በኋላ ነው።

ደፍርሷል

ብዙ ሰው የሚፈራው ይሄን ነው። እኔ ግን በጣም የማልፈራው ይሄን ነው። ድፍርስ ሁሉ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ጉሽ ጠላ የሚጠጣ አይኖርም ነበር።

ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሱና ተመልከቱ። ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር ብቻ ከሆነ በሁለት እጃችሁ አቅፋችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ያዙት። ከጠራ ችግሩ ቅዝቃዜ ነው። ምድር ቤቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ የብቅሉ ፕሮቲን ተያይዞ ነው። ቢራው ደህና ነው፤ ባለቤቱ የምድር ቤቱን ሙቀት ትንሽ ከፍ ያድርገው።

ካልጠራና ቀለሙ ወተት እንደነካው ሻይ ከሆነ እርሾ ነው። በርሜሉ ውስጥ ማጥለያ ይጨመራል፤ በባህሉ ከዓሣ የመንሳፈፊያ ከረጢት የሚሠራ ነው። (ጿሚ የሆነ ሰው ይሄን ሲሰማ ሁሌ ይደነግጣል።) ማጥለያው እርሾውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ አተላው ሆድ ላይ ይተኛል። በርሜሉ ከመኪና ወርዶ ሳያርፍ ከተከፈተ ወይም አንድ ሰው ከገፋው አተላው ይነሳል። መፍትሄው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ሳይነካ ይቀመጥ። ምድር ቤቱ በጣም ሞቆ ከነበረ ግን ማጥለያው ራሱ ኃይሉን ያጣል፤ ያኔ ቢጠብቁትም አይጠራም።

ድፍርሱ በርሜሉ ሊያልቅ ሲል ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የማዘንበል ነው። በርሜሉ በሆዱ ተኝቶ ነው የሚቀዳው። ግማሽ ገደማ ሲደርስ ከኋላ ቀስ ብሎ ከፍ መደረግ አለበት። ሰነፍ ሠራተኛ መጨረሻ ላይ በአንዴ ብድግ ሲያደርገው አተላው ወደ ቧንቧው ይሮጣል።

ሁሉም ካለፈ በኋላ ቅመሱት። ደፍርሶም ጣዕሙ ንጹሕ ከሆነ ጠጡት፤ ዛሬ ሆን ብለው ደፍርሶ እንዲቀርብ የሚጠምቁም አሉ። ደፍርሶ ከሆመጠጠ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሆምጥጧል

አንድ ሰኞ ማታ አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ አደረጉና «እስቲ ቅመሰው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቀመስኩት። መጀመሪያ ደህና መሰለኝ፤ ከዚያ የምላሴን ጎንና ጎን ያዘኝ። ኮምጣጤ።

ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ የበርሜሉ ዕድሜ ነው። ቢራው በተቀዳ ቁጥር በቦታው አየር ይገባል። አየር ሲገባ ኮምጣጤ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይጀምራሉ። ስለዚህ ከተከፈተ በሦስት ቀን ቢያልቅ ይመረጣል። ሁለተኛው ከምድር ቤት እስከ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ነው። በየሳምንቱ በማጽጃ ካልታጠበ ውስጡ ያድፋል።

የቱ እንደሆነ የሚለየው መንገድ ቀላል ነው። ወረድኩና ከበርሜሉ አፍ ላይ በቀጥታ ትንሽ ቀዳሁ። ንጹሕ ነበር፣ ብስኩቱም ሆፑም እንዳለ አለ። ላይኛው ኮምጣጤ፣ ታችኛው ጤነኛ ከሆነ ሌባው መንገድ ላይ ነው። ቱቦውን የማጠብ ተራ የኔ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ዘልዬዋለሁ። የዚያን ቀን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ሳጥብ አመሸሁ። ታችም ላይም ቢሆምጥጥ ኖሮ በርሜሉን ከመድፋት በቀር ምንም መላ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልንገራችሁ። ፈርኪን የሚባለው የተለመደው በርሜል 9 ጋሎን ይይዛል፤ 72 ፓይንት ነው (ፓይንት ትልቁ የቢራ ብርጭቆ ነው፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል)። ፐቡ ከአንድ ቢራ በቀን 12 ፓይንት ብቻ ከሸጠ ስድስት ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ስምንት ፓምፕ ደርድሮ አራት ደንበኛ የተቀመጠበት ቤት ስትገቡ ምርጫ በዝቶላችኋል ብላችሁ አትደሰቱ። ብዙ ሰው የሚያዘውን እያያችሁ እዘዙ።

ቅቤ ቅቤ፣ እንቁላል እንቁላል

የቅቤ ከረሜላ ከሸተታችሁና አፋችሁ ውስጥ ሙልጭልጭ ካለ ዳያሴቲል ነው። እርሾ ሲያበላላ ይሠራዋል፣ ጊዜ ካገኘ ደግሞ መልሶ ይበላዋል። ቢራው ሳይበስል ከተላከ እዚያው ይቀራል። እንግሊዞች በጥቂቱ ሲሆን ይታገሡታል፤ እኔ አልታገሥም፣ ሆፑን ይሸፍነዋል። የአረንጓዴ ፖም ሽታም እንደዚሁ የጥሬነት ምልክት ነው። ሁለቱም ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ሲጨመርላቸው ሊሻሻሉ ይችላሉ። ቅቤው ከኮምጣጤ ጋር ተያይዞ ከመጣ ግን ጥሬነት አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው፣ ወደ ቱቦው ተመለሱ።

የእንቁላሉ ነገር አስቂኝ ነው። በርተን አፖን ትሬንት የምትባለው ከተማ የፔል ኤል እናት ናት። የጉድጓድ ውሃዋ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን የበዛበት ነው፤ ምሬቱን ጥርት አድርጎ ያወጣል። በዚያው ልክ ቢራው ሲቀዳ የተጫረ ክብሪት የመሰለ የድኝ ሽታ ብልጭ ይላል። ደጋፊዎቹ «በርተን ስናች» ብለው ስም አውጥተውለታል፣ ይወዱታልም። በአንድ ሁለት ደቂቃ ከጠፋ ጠባይ ነው። የተበላሸ እንቁላል ሆኖ ብርጭቆው እስኪያልቅ ከተከተላችሁ ጉድለት ነው።

ሞቷል

አረፋ የለም፣ ምላስ ላይ ምንም አይኮረኩርም፣ የቆመ ሻይ ይመስላል። በርሜሉ በተኛበት ከላይ በኩል ትንሽ የእንጨት ውታፍ አለች። አየር የምታሳልፈው ለስላሳዋ ሲቀዳ ትገባለች፤ ማታ ሲዘጋ ጠንካራዋ ትተካለች። ጠንካራዋ ከተረሳች ሌሊቱን ጋዙ ሁሉ ይወጣል። የወጣ ጋዝ አይመለስም። በተቃራኒው አረፋ ብቻ ከሆነ ጋዙ ገና አልተነፈሰም፤ ለስላሳዋን ከትቶ መጠበቅ ነው።

በርሜሉን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ብርጭቆውን እዩ። የከንፈር ቀለም ወይም የሳሙና ቅሪት አረፋን ይገድላል። በንጹሕ ብርጭቆ ስትጠጡ በየጉንጩ አረፋው ቀለበት ቀለበት እየሠራ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። እርጥብ ካርቶን፦ አየር የነካው፣ ያረጀ ቢራ። ዴቶል ዴቶል የሚል፦ ብዙ ጊዜ በደንብ ያልታጠበ ማጽጃ። ቅርንፉድ፦ ያልተጋበዘ የዱር እርሾ። ግቢ ወጥታችሁ ፀሐይ ላይ ስትጠጡ የለንደን መንገድ ላይ የሚሸተው ካናቢስ ከሸተታችሁ ደግሞ ማንንም አትውቀሱ። ብርሃን ሆፑን ለውጦት ነው፣ ጥላ ውስጥ ግቡ።

እንዴት ይመለሳል?

በ1971 የተመሠረተው የጠጪዎቹ ማኅበር ካምራ አባላቱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል። 3 ማለት ጥሩ ነው። የኔ መስፈርት ከዚህ ያጥራል፦ ሁለተኛውን ፓይንት አምሮኛል ወይ?

ቀኑ ገና ሲጀምር የመጀመሪያው ደንበኛ ከሆናችሁ ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ ያደረው ለእናንተ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ። ከማዘዛችሁ በፊት ማቅመሻ ጠይቁ፤ በትንሽ ብርጭቆ በነጻ ይሰጣል፣ ነውር የለውም። ከተቀዳ በኋላ ከሆነ ወደ ባሩ ተጠጉና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ትንሽ የሆመጠጠብኝ መሰለኝ፣ እስቲ ቅመሰው» በሉ። እንደዚያ ሽማግሌ። ደህና ቤት ከሆነ ሳይከራከር ይቀይርላችኋል። ብቻ ሁለት ጉንጭ እንደጠጣችሁ መልሱ፤ ሩቡ ሲቀር ብትመልሱት ማንም አያምናችሁም።