ፕሮሰሰሬ 90 ዲግሪ እየነካ ሲያስቸግረኝ ያደረግኩት

ራሴ የገጣጠምኩት ዴስክቶፕ ቪዲዮ ሬንደር ባደረግኩ (ያቀናበርኩትን ወደ መጨረሻ ፋይል በቀየርኩ) ቁጥር ይንቀራፈፍ ነበር። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 7 5800ኤክስ ነው፤ ከነማቀዝቀዣው ስለማይሸጥ ከድሮው ኮምፒውተሬ የፈታኋትን ትንሽ ማቀዝቀዣ ገጠምኩለት፣ እሱ ግን እስከ 142 ዋት ስለሚስብ አልቻለችውም፣ ወዲያው የመጨረሻ ገደቡ 90 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። በውሃ የሚሠራውን አሰብኩና ተውኩት። ፓምፑ ከተበላሸ ሥራ ቆመ ማለት ነው፤ የአየሩ ፋን ግን ቢሞት በሌላ 120 ሚሊሜትር ፋን ይተካል። ስለዚህ ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ የሚባለውን ባለ ሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ነው፣ በናታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዛችሁ እንደሚችለው አረጋግጡ! የእኔ ራም (ሜሞሪው) ረጅም ስለሆነ የፊቱን ፋን ከፍ አድርጌ ነው ያሰርኩት፣ ያኔ ደግሞ ቁመቱ ይጨምራል። አሁን ሬንደር ላይም ከ78 አያልፍም፣ ጩኸቱም ቀርቷል።