ዮም ሃዚካሮንን ለልጆች እንዴት እናስተምር?

ባስተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ትልቅ ስህተት ሠርቻለሁ። ልጆቹን ሳላዘጋጅ፣ በእስራኤል የመታሰቢያ ቀን በዮም ሃዚካሮን ሁሉም ቆሞ የወደቁትን የሚያስብበት ሳይረን ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ፤ አንዱ ግን ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሮኬት ከሚበዛበት ከእስራኤል ደቡብ የመጣ ልጅ ነበር። እሱ የሚያውቀው ሳይረን ሲጮኽ ወደ ማማድ፣ ወደ መጠለያ ክፍሉ መሮጥ ነው። ቀጥ ብሎ መቆምን ማን አስተማረው? ጓደኞቹ ሳቁበት። የዚያን ቀን ትምህርት እዚያው ላይ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት አካሄድ ይኸው። ክፍል ለሚያስተምር፣ የወጣቶች ክበብ ለሚመራ፣ ወይም ቤቱ ልጅ ላለው ሁሉ ይሆናል። ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉትን አስቤ ነው የጻፍኩት።

1. ቀኑንም ልጆቹንም አስቀድማችሁ አጣሩ

ዮም ሃዚካሮን የእስራኤል የወደቁ ወታደሮችና የሽብር ሰለባዎች መታሰቢያ ነው። በዕብራውያን አቆጣጠር ኢያር 4፣ የነጻነት ቀን ዋዜማ ላይ ይውላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የነጻነት ቀኑ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ላይ ሲወድቅ ሁለቱም ቀደም ይደረጋሉ፤ ሰኞ ላይ ሲወድቅ በአንድ ቀን ይገፋሉ። ምክንያቱ ሰንበት እንዳይሻር ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ካላንደር እዩ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ክፍላችሁ ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ ነው። ወንድሙን ወይም አጎቱን ያጣ ልጅ ካለ ወላጆቹ ጋ ቀድማችሁ ደውሉ። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 የሐማስ ጥቃት በኋላ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት) እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ክፍል ማግኘት ከባድ ነው። ልጁ መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ካልፈለገ ማንም አይየው።

2. ሳይረኑን ተለማመዱ

ሁለት ጊዜ ይጮኻል። በዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ለአንድ ደቂቃ፣ በማግስቱ ረፋድ 5 ሰዓት ለሁለት ደቂቃ። ልጆቹ 20፡00 እና 11፡00 ነው የሚሉት። ሁለቱንም አቆጣጠር ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው፤ አለዚያ ልጁ «በ11 ሰዓት ነው» ይልና አያት አመሻሽ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ልዩነቱን በጆሯቸው አሰሟቸው። የሮኬት ሳይረን ከፍ ዝቅ እያለ ይጮኻል። የመታሰቢያው አንድ ወጥ ድምፅ ነው። እኔ ሁለቱንም በአፌ አስመስላለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ፤ በልምምድ ቀን የወጣለት ሳቅ በዕለቱ አያስቸግርም። ከፍ ዝቅ የሚለው ከተሰማ ግን ቀኑ ምንም ይሁን ምን ያው ማማድ ነው። ይህንን በግልጽ ንገሯቸው።

ከዚያ መቆሙን ተለማመዱ። ወንበር ሳያንኳኩ መነሣት፣ እጅ ወደ ታች፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ። መንገድ ላይ መኪኖች እንደሚቆሙ፣ ሹፌሮችም ወርደው እንደሚቆሙ ንገሯቸው። አንድ ልጅ መጠየቁ አይቀርም፦ «ሁለት ደቂቃ ሙሉ ምን ላስብ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚቀጥለው ደረጃ ለዚህ ነው።

3. አንድ ስም ስጧቸው

የወደቁት ወታደሮች ቁጥር ከ25,000 በላይ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከ1860 ነው፣ አገሪቱ ከመመሥረቷ 88 ዓመት በፊት። ይህን አንድ ጊዜ ተናግራችሁ እለፉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ 25,000 ሰው ምን እንደሚያህል አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም።

የመከላከያ ሚኒስቴሩ «ይዝኮር» የሚባል ድረ ገጽ አለው። ለወደቁት ለየአንዳንዳቸው ገጽ አለ፦ የት ተወለደ፣ የት አደገ፣ ቤተሰቡ እነማን ናቸው። ከልጆቹ ከተማ የሆነ ሰው ፈልጉ። ገጹን መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡት፤ የአሟሟቱን ዝርዝር የሚያበዛ ከሆነ ሌላ ምረጡ። ከዚያ ልጆቹ ሦስት ነገር ይፈልጉ። ምን ይወድ ነበር? ቤት ማን ይጠብቀው ነበር? ዛሬ ቢኖር ስንት ዓመቱ ነበር?

ሦስተኛው ተራ ሒሳብ ይመስላል። ክፍሉን ጸጥ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። በ1973 በዮም ኪፑር ጦርነት በ19 ዓመቱ የወደቀ ወታደር ዛሬ የአያታቸው እኩያ ነው። ፎቶው ላይ ግን የታላቅ ወንድማቸው እኩያ ነው።

«አይሁዶች ብቻ ናቸው?» ብለው ከጠየቁ አይደለም በሏቸው፤ የድሩዝና የበዳዊን ወታደሮችም አሉ። የቤተ እስራኤል ልጆችም አሉ።

ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ የወታደሮች መቃብር ባለበት ሄርጽል ተራራ ላይ በ2017 የተከፈተ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ። እያንዳንዱ ስም በአንድ ጡብ ላይ ተጽፏል፤ ሰውየው የሞተበት ቀን ሲደርስ አጠገቡ ያለው መብራት ይበራል። ልጆቹን ውሰዷቸው፤ በዕለቱ ግን አይሆንም። ያን ቀን ተራራው የእናቶችና የአባቶች ነው።

4. እጃቸውን የሚያሠራ ነገር

የቀኑ አበባ «ዳም ሃመካቢም»፣ የመቃብያን ደም ይባላል። ደማቸው በፈሰሰበት ሁሉ በቀለ ይላል አፈ ታሪኩ። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከሜዳ አይቀጠፍም፤ ቀይ ወረቀት ይበቃል። ነጭ ሸሚዝ ላይ ይለጥፉት።

5. «የአያቴ እህትስ?»

የኢትዮጵያዊያን ልጆች ባሉበት ክፍል ይህ ጥያቄ ይመጣል። «የአያቴ እህት ሱዳን ሞተች። እሷም ዛሬ ናት?»

ዕለቱ የእሷ አይደለም፤ እሷም ቀን አላት። በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ አልቀዋል፤ መንገድ ላይም፣ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኞች ካምፖችም። የሚታሰቡት ኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን ነው። ሥርዓቱ የሚደረገውም እዚያው ሄርጽል ተራራ፣ ለእነሱ በቆመው መታሰቢያ ነው። ሁለቱን ቀን አታምታቱ። ግን «ያ ሌላ ቀን ነው» ብላችሁ በሩንም አትዝጉበት። በመካከላቸው ወደ 24 ቀን አለ። ልጁ ቤት ሄዶ ስሟን ይጠይቅ፣ ይጻፈው። አያት ዝም ካሉ አይጎትጉታቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። አያቶቻችን ለቅሶን በዝምታ አያውቁትም። ሙሾ ይወርዳል፣ ደረት ይመታል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንድ ተማሪዬ ስለ ሳይረኑ ለአያቱ ሲያስረዳ «ሁለት ደቂቃ ብቻ? ማንም ሳያለቅስ?» አሉት። ይህን ለክፍሉ ነገረን። ግማሽ ሰዓት አወራንበት፤ ካዘጋጀሁት ትምህርት ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

6. ምሽቱን አትርሱት

ፀሐይ ስትጠልቅ ሐዘኑ ያበቃና የነጻነት በዓል ይጀምራል። ሄርጽል ተራራ ላይ ዝቅ ብሎ የነበረው ባንዲራ እስከ ላይ ይሰቀላል፣ 12 ችቦ ይለኮሳል፣ ከዚያ ርችት ነው። አዋቂንም ግራ ያጋባል። ልጆቹ ሳያስቡት እንዳይደርስባቸው ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ለመጨፈር ያልፈለገም አይገደድ።

ለሟቹ መታሰቢያ ቤት የሚለኮሰው የነፍስ ሻማ 24 ሰዓት ይነድዳል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ከለኮሳችሁት ርችቱ ሲጀመርም ገና ሊበራ ይችላል። ልጆቹ «በዓል ሆነ እኮ፣ እናጥፋው?» ይላሉ። ተዉት፣ ራሱ ይጨርስ።