ቱሪስቱ «ኦን ሚ» አልተናደደም፦ የእንግሊዝኛ የንዴት ቃላትና መስተዋድዶቻቸው

ምልክቱ፦ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል። ጀልባዋ ዘገየች፣ ቱሪስቱ ፊቱን አጠቆረ። አስጎብኚው ለአለቃው «ዘ ቱሪስት ኢዝ አንግሪ ኦን ሚ» ብሎ ቴክስት ይልካል። ሌላው ደግሞ «አንግሪ ባይ ሚ» ይላል። ነገሩ ይገባል፤ እንግሊዝኛው ግን ይጎረብጣል።

መንስኤው፦ አማርኛችን ነው። በሰውም እንናደዳለን፣ በመዘግየቱም እንናደዳለን፤ አንዷ «በ» ሁለቱንም ትችላለች። «በ»ን የያዘ «ባይ» ይላል፣ «እኔ ላይ ተናደደ» ማለት የለመደ ደግሞ «ኦን» ይላል። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ለብቻ፣ ያናደደውን ነገር ለብቻ ነው የሚያስቀምጠው።

መፍትሄው፦ ንዴቱ በማን ነው ወይስ በምን? በሰው ከሆነ «ዊዝ» ወይም «አት»። «ሂ ኢዝ አንግሪ ዊዝ ሚ።» አሜሪካኖች «አት» ይቀናቸዋል፣ እንግሊዞች «ዊዝ»፤ በዚህ የሚጣላችሁ የለም። በነገር ከሆነ «አባውት» አያሳፍራችሁም፦ «ሂ ኢዝ አንግሪ አባውት ዘ ዲሌይ»። «አት»ም ለነገር ይሆናል። ሰውየውንም ጥፋቱንም ባንድ ላይ ለማለት «ፎር» ጨምሩና ግሱን በ«ኢንግ» ጨርሱት፦ «ሂ ኢዝ አንግሪ ዊዝ ሚ ፎር ከሚንግ ሌት»። ለእኔ ከሁሉም በፊት መያዝ ያለባት ይቺ ናት፤ የእንግዳ ቅሬታ አብዛኛው በዚች ልክ ይሰፋል።

«ፊዩሪየስ» እንደ «አንግሪ» ነው የሚሄደው። «አኖይድ»ም ያው፣ ግን እሱ «ባይ»ን ይቀበላል፦ «አኖይድ ባይ ዘ ኖይዝ»። እንግሊዞች ለቀላል ቁጣ የሚሏት «ክሮስ» ከሰው ጋር «ዊዝ» ትወስዳለች።

«ማድ» ላይ ግን ቀስ በሉ። አሜሪካዊው «አይ አም ማድ አት ዩ» ካለ ተናዶባችኋል። እንግሊዛዊው ዓሣ ጥብሱን እያጣጣመ «አይ አም ማድ አባውት ፊሽ» ቢላችሁ ግን የዓሣ ሟች ነኝ ማለቱ ነውና ይቅርታ አትጠይቁት፤ ጨምሩለት።

ሌላ ምልክት፦ «ሂ ሻውትድ ቱ ሚ»። በቁጣ ጮኸብኝ ለማለት ከሆነ «ሻውትድ አት ሚ» በሉ። «ቱ» የሚሆነው ከሩቅ፣ ለምሳሌ ከሐይቁ መሀል ሆኖ፣ እንድትሰሙት ሲጣራ ነው።

«አናደደኝ»ስ? እሱ መስተዋድድ አይፈልግም፦ «ሂ ሜድ ሚ አንግሪ»። «ሂ አንግሪድ ሚ» የሚባል ግን የለም።