ሽመልን በውፍረቱ ሳይሆን በዕድሜው ቁረጡት

ሽመል የምለው በአሶሳና በመተከል አካባቢ በሰፊው የሚበቅለውን፣ ውስጡ ድፍን የሆነውን የቆላ ቀርከሃ ነው። ክፍት ሆድ ያለው የደጋው ቀርከሃ ሌላ ዝርያ ነው፤ ብርድና ጉም ይፈልጋል። ሽመል ሙቀት ይችላል፣ ረጅም በጋም ይታገሣል። ከ1,800 ሜትር በላይ ለሆነ ማሳ ግን አልመክረውም። ውኃ የሚተኛበት መሬትም አይስማማውም፤ ጠጠር ያለበት ተዳፋት ይሻለዋል።

ከዘር ማፍላት ይቻላል። ችግሩ ሽመል የሚያብበው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜም በጅምላ መሆኑ ነው፤ ዘሩን ከሰጠ በኋላ ይደርቃል። ዘር በእጃችሁ ከገባ ሳታቆዩ ዝሩት። እኔ የምመርጠው ከነሥሩ አውጥቶ መትከልን ነው። ከቁጥቋጦው ዳር የቆመ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ግንድ ፈልጉ፤ ከእናቱ ጋር የሚያያይዘውን ሥር በስለታም መጥረቢያ ቁረጡና በሥሩ ላይ ያሉትን ዓይኖች ሳትጎዱ አውጡት። ከላይ ሁለት ሦስት አንጓ ብቻ አስቀሩለት። ዝናቡ ሲጸና፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ፣ አፈሩን ከፍግ ጋር ቀላቅላችሁ ትከሉት። በጉድጓዶቹ መካከል 5 ሜትር ተዉ። ሰፊ የባከነ መሬት ይመስላል፤ ቁጥቋጦው ሲሞላ ግን ገጀራ ይዞ የሚገባ ሰው ቦታ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አረሙን ንቀሉ፣ ከሁሉም በላይ ከብት አታስገቡ፤ ቅጠሉን አይምረውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ላይ ደረስን። የሽመል ቡቃያ ከመሬት ሲወጣ የመጨረሻ ውፍረቱን ይዞ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አይወፍርም፣ የሚጠነክረው ውስጡ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን አይቶ «ደርሷል» ማለት ከንቱ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ግንድ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይፈጥንበታል። ዕድሜውን ለማወቅ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ አዲሶቹን ግንዶች በተለየ የቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉባቸው። ቀለም ከሌለ ግንዱን ተመልከቱ፦ ልጁ ሽፋኑን እንደ ለበሰ ነው፤ አዋቂው ተራቁቷል፣ አረንጓዴው ደብዝዟል፣ የድንጋይ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብም ይዟል።

አዲሶቹ የሚወጡት በዳር በኩል ስለሆነ ያረጁት መሐል ይታፈናሉ። ሰነፍ ቆራጭ ዳር ዳሩን ይለቅማል፤ ማለትም ልጆቹን ጨርሶ ሽማግሌዎቹን ይተዋል። ከአንድ ጎን በር ክፈቱና ወደ መሐል ግቡ፤ ቁጥቋጦው ከላይ ሲታይ የፈረስ ጫማ ብረት ቅርጽ ይይዛል። በአንድ ዓመት ከሲሶው በላይ አትቁረጡ። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በበጋ ግንዱ ውስጥ ያለው ውኃና ነቀዝን የሚስበው ስታርች ይቀንሳል፣ ለጋ ቡቃያም አይረገጥም። ከመሬት በላይ ካለው ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው አንጓ ጥቂት ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ጉቶው ላይ ውኃ የሚይዝ ጽዋ ከተረፈ ይበሰብሳል።

የተቆረጠውን ጥላ ውስጥ አቁማችሁ አድርቁ፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ለቤት ዕቃ የታሰበውን ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በተቀላቀለበት ውኃ መንከር ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ይህ መድኃኒት በዝናብ ስለሚታጠብ ውጭ ለሚውል አጥር ብዙም አይረዳም።

ቡቃያውን ለምግብ የሚፈልግ ለጋውን ልጦ፣ ቆራርጦ በደንብ ይቀቅል፤ ጥሬው መርዛማ ሳያናይድ ስለሚያመነጭ የተቀቀለበትን ውኃ ይድፋው።

ለቤት ምሰሶ ሲሆን ግንዱን በቀጥታ መሬት ውስጥ አትቅበሩት፤ ምስጥና እርጥበት ይተባበሩበታል። ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ መሠረት ላይ አቁሙት። ምስማር ከመምታታችሁ በፊትም በመሰርሰሪያ ብሱት፤ ያለዚያ ከአንጓ እስከ አንጓ ይተረተራል።