ጠጅ መጣል አቋርጠው ሲመለሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ለዓመታት አቋርጦ ሲመለስ ሙያው አይጠፋውም። የሚያስቸግረው ዕቃው፣ ውኃውና የከረመው ጌሾ ነው። ጋንም የወይራ ጭስም በሌለበት አፓርታማ፣ በፕላስቲክ ባልዲ ለሚጥል ሰው ደግሞ ይብሳል።

የከረመ ጌሾ መጠቀም። ጓዳ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ ጌሾ መዓዛው ይሄዳል። እንጨቱን ሰብረው ያሽትቱት፤ ሽታ ከሌለው ወይም ነጭ ሻጋታ ከታየበት ይጣል። ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው፤ ቅጠሉ በብዛት የጠላ ነው።

የድሮውን ባልዲ አጥቦ ብቻ ጠጅ መጣል። ውስጡ የተጫረ ፕላስቲክ የኮምጣጤ ተዋሕስያንን በጭረቶቹ ይዞ ይቆያል፤ ሽቦ የነካውን ባልዲ አይመኑት። ለምግብ የተሠራ አዲስ ይግዙና በሳሙና አጥበው በደንብ ካለቀለቁት በኋላ በማጽጃ ያርሱት። ስታር ሳን የሚባለው የጠማቂዎች ማጽጃ ከሆነ ለ1 ሊትር ውኃ 1.5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ሁለት ደቂቃ አቆይቶ ማንጠፍጠፍ ነው፣ መልሶ መለቅለቅ አያስፈልግም።

የቧንቧ ውኃን እንዳለ መጨመር። ብዙ ሰው ማሩን የሚወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የውኃው ነው። ክሎሪን ከጌሾው ጋር ሲገናኝ የቁስል ፕላስተር የሚመስል ሽታ ያመጣል። ክሎሪን ብቻ ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም ክፍቱን ማሳደር ይበቃል። በብዙ ከተሞች የሚጨመረው ግን ክሎራሚን የሚባለው የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ ለምሳሌ ከፀደይ ጥቂት ሳምንታት በቀር ዓመቱን ሙሉ እሱ ነው። ይህ በማሳደር አይወጣም። ክሎራሚንን የሚያጠፋው፣ ካምፕደን የሚባለው ኪኒን አንዱ ለ75 ሊትር ያህል ስለሚበቃ፣ ለ20 ሊትር ሩቡን ፈጭቶ ማሟሟት ነው። አለዚያ የታሸገ የምንጭ ውኃ ይጠቀሙ።

በግምት መበረዝ። በስፍር 1 ማር ለ3 ውኃ ጥሩ መነሻ ነው። ማር ከባድ ስለሆነ 1 ሊትሩ 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ «አንድ ኪሎ ለሦስት ሊትር» ብሎ የበረዘ ሰው ሳያውቀው ከ1 ለ4 በላይ አቅጥኖታል። 1 ለ2 ከሆነ ደግሞ ስኳሩ እርሾውን ይጫነውና ብርዙ ጣፋጭ እንደሆነ ይቀራል። ማሩን አያፍሉት፤ መዓዛው ይጠፋል። ለብ ባለ ውኃ አሽተው ሰፈፉን ያንሱለት። የሱቅ ማር ብዙ ጊዜ ሞቆ የተጣራ ስለሆነ የራሱ እርሾ የለውም። በሦስት ቀን አረፋ ካልታየ ለ4 ሊትር ብርዝ 2 ግራም ደረቅ የወይን እርሾ ይነስንሱበት።

ጌሾውን አግብቶ መርሳት። ለ1 ሊትር ማር 100 ግራም ያህል እንጨት በጥቂት ብርዝ ለ15 ደቂቃ ቀቅለው፣ ሲቀዘቅዝ ከነውኃው ይጨምሩ። እንጨቱ ይንሳፈፋል፤ ከብርዙ በላይ ደርቆ የቀረው ጫፍ ነው መጀመሪያ የሚሻግተው። በየቀኑ በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች ይጫኑት። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ እየቀመሱ፣ ምሬቱ ሲበቃዎት ያውጡት፤ የቆየ ጌሾ የሚሰጠውን ምሬት ማር ጨምረው አያስተካክሉትም።

ባልዲው የሚቀመጥበት ቦታ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሁን። ማሞቂያ ሥር አይደለም።

አፉን ጥርቅም አድርጎ መክደን። ብርዝ ሲፈላ ጋዝ ያወጣል፤ የተጠረቀመ ማሰሮ ይፈነዳል። ሩቡን ባዶ ትተው ክዳኑን ላላ ያድርጉ። ጌሾው ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን ጠላቱ አየር ነው። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው፣ አምቡላውን ሳያናውጡ፣ አፈ ጠባብ ዕቃ ውስጥ እስከ አንገቱ ይሙሉት። ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚቀመጥ ጠጅ ወደ ኮምጣጤነት ይሄዳል።

ቸኩሎ ጠርሙስ ውስጥ ማሸግ። የፈሳሹን ጥግግት ለክቶ መፍላቱ ማብቃቱን የሚያሳየው ሃይድሮሜትር ካለዎት ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያሳይ አያሽጉ። ጣፋጭ እያለ መጠጣት የሚወዱ ሰዎች በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገው ፍሪጅ ያስገቡት፤ ጠርሙሱ ሲጫኑት ከጠነከረ ክዳኑን አላልተው ጋዙን ያስወጡለት።